«ቀምሻለሁ»፦ በዋግ ኽምራ ደጋ የሰውን ዕለታዊ ኑሮ በምልከታ ስለማጥናት

(በፋኩልቲው የሕዝብ ንግግር መርሐ ግብር የቀረበ ንግግር ሙሉ ቃል)

የዛሬው ርእሴ ምልከታ ነው። አጥኚው ጠይቆ ከሚያገኘው መልስ ሌላ፣ አብሮ ውሎና አብሮ አምሽቶ የሚያየውን የሰው ዕለታዊ ኑሮ እንዴት ለጥናት እንደሚያውለው ለመናገር እሞክራለሁ። የታሪክ ሰው ስለ ምልከታ ምን አገባው የሚል ሊኖር ይችላል፤ የእኛ ሙያ ሰነድ ማንበብ ነውና። ነገር ግን ከምናነባቸው ሰነዶች ብዙዎቹ አንድ ሰው አንድ ቀን አንድ ስፍራ ላይ ሆኖ ያየውን የመዘገበባቸው ናቸው። ያ ሰው ስንት ቀን ቆየ? በየትኛው ወር መጣ? በማን ቤት አደረ? ማን አበላው? እነዚህን ጥያቄዎች ካላነሣን የመንገደኛው ማስታወሻ፣ የመሥሪያ ቤቱ ሪፖርትና የጥናቱ ሠንጠረዥ ሁሉም እኩል የታመኑ ይመስሉናል።

ማሳያዬ ሰቆጣና የዋግ ኽምራ ደጋ ነው። ይህን አገር የመረጥሁበት ምክንያት ሁለት ነው። አንደኛው፣ ስለዚህ አገር ሕዝብ የተጻፈው አብዛኛው ነገር በአላፊ መንገደኛ ዓይን የተጻፈ መሆኑ ነው። ሁለተኛው የራሴ ዕዳ ነው፤ ወደ ንግግሬ መጨረሻ እመጣበታለሁ። እ.ኤ.አ. ካላልሁ በቀር ዓመታቱን በእኛ አቆጣጠር እጠቅሳለሁ።

አገሩና ተመልካቾቹ

ዋግ ከጥንት የአገው ምድር ነው። ገዥዎቹ ዋግሹም ይባሉ ነበር፤ በትውፊትም የዛጉዌ ነገሥታት ዘር መሆናቸው ይነገራል። ከእነርሱ አንዱ የሆኑት ዋግሹም ጎበዜ ከዐፄ ቴዎድሮስ ሞት በኋላ ዐፄ ተክለ ጊዮርጊስ ተብለው ነግሠው፣ እ.ኤ.አ. በ1871 አድዋ አጠገብ በካሳ ምርጫ፣ በኋላ ዐፄ ዮሐንስ አራተኛ በሆኑት፣ ተሸንፈዋል። ከሰቆጣ ከተማ ብዙ ሳይርቅ የውቅሮ መስቀለ ክርስቶስ ከዐለት የተፈለፈለ ቤተ ክርስቲያን አለ። ከተማዋ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,000 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ተቀምጣለች፤ ከዚያ ወደ ምዕራብ አገሩ እየቆለቈለ ወደ ተከዜ ይወርዳል። በደጋው ገብስና ስንዴ፣ በቆላው ማሽላና ጤፍ ይዘራል፤ ፍየልና ንብም የቤቱ ደጀን ናቸው። ከአፋር ዝቅተኛ ምድር የሚወጣው አሞሌ ጨው ወደ መካከለኛው አገር ሲጓዝ ሰቆጣ አንዷ የጨው ገበያ ነበረች። ስለዚህ መንገደኛ በዋግ ብርቅ ሆኖ አያውቅም። ብርቅ የነበረው ቆይቶ የሚያይ ሰው ነው።

ስለ አላፊ ተመልካች ስንናገር ከሰሜኑ አገራችን ታሪክ አንድ የታወቀ ክርክር ማንሣት ይጠቅማል። ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ እ.ኤ.አ. በ1770 ከምጽዋ ወደ ጎንደር ሲጓዝ፣ አክሱም አጠገብ ሦስት ወታደሮች ላም ሲነዱ እንዳገኘ፣ እነርሱም ላሟን ጥለው ከቂጧ ሥጋ ቆርጠው፣ ቆዳውን መልሰው ሸፍነው እንደገና እንደነዷት ጻፈ። መጽሐፉ እ.ኤ.አ. በ1790 ሲታተም ብዙ የለንደን ሰዎች ውሸታም አሉት። ከጥቂት ዓመታት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1805፣ ሄንሪ ሶልት ወደ ትግራይ መጥቶ ስለዚህ ነገር ሰዎችን ጠየቀ። የጠየቃቸው ሰዎች እንዲህ ያለ ልማድ አናውቅም አሉት፤ ሶልትም ብሩስን ተጠራጠረ። በዚያው ጉዞ በአገሩ የቀረው ባልደረባው ናትናኤል ፒርስ ግን ከዓመታት በኋላ ሌላ ነገር ነገረው። ፒርስ ከላስታ ወታደሮች ጋር ሲጓዝ፣ ረሃብ የጠናባቸው ሰዎች ከሚነዷት ላም ሹልዳዋን ቆርጠው ሲበሉ በዓይኑ አይቶ ነበር። ሶልት ይህንኑ እ.ኤ.አ. በ1814 ባሳተመው መጽሐፍ አስገባው፤ ቀድሞ የጻፈውንም አረመ።

ይህን ታሪክ ተማሪዎቼ ሲሰሙ ብዙውን ጊዜ «ስለዚህ ያየው ከጠየቀው በልጧል» ብለው ይደመድማሉ። ድምዳሜው ከሚገባው በላይ ፈጣን ነው። ሶልት ጠይቆ ያገኘው መልስ ሐሰት አልነበረም፤ በቤቱ ተቀምጦ የሚበላ ሰው የሚያውቀውን ማዕድ ተናገረ። ብሩስም ያየውን አይቷል፤ ስሕተቱ በመንገድ ላይ ያየውን የሦስት ወታደር ድርጊት የሕዝብ ልማድ አድርጎ ማቅረቡ ላይ ነው። ከሦስቱ ወደ እውነቱ የቀረበው ፒርስ ነው። የቀረበውም ድርጊቱን ብቻ ሳይሆን የድርጊቱን ሁኔታ ስለ መዘገበ ነው፦ እነማን እንደነበሩ፣ ወዴት ይሄዱ እንደነበር፣ እንደራባቸውም ጭምር። «ይህ ሕዝብ እንዲህ ያደርጋል» የሚለውን ዐረፍተ ነገር «እነዚህ ሰዎች፣ በዚህ ጊዜ፣ በዚህ ችግር እንዲህ አደረጉ» ወደሚል ዐረፍተ ነገር ለወጠው። ፒርስ ይህን ሊያደርግ የቻለው በአገሩ ለዓመታት ስለኖረ፣ የተለመደውን ካልተለመደው መለየት ስለቻለ ይመስለኛል።

ምልከታ ሙያ ሲሆን

ምልከታ ሥርዓት ያለው የጥናት ስልት የሆነው በኻያኛው መቶ ዓመት ነው። ብሮኒስላቭ ማሊኖቭስኪ በአንደኛው የዓለም ጦርነት ዘመን በትሮብሪያንድ ደሴቶች ከሕዝቡ መካከል ኖሮ፣ ቋንቋውን ተምሮ፣ የዕለት ሥራቸውን እየመዘገበ ቆየ፤ እ.ኤ.አ. በ1922 ያሳተመውም መጽሐፍ ዛሬ ተሳታፊ ምልከታ የምንለውን ስልት አስተዋወቀ። በአገራችን ደግሞ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ እ.ኤ.አ. በ1950 ከተከፈተ በኋላ ተማሪዎቹ የብሔረሰቦች ጥናት ማኅበር አቋቁመው እ.ኤ.አ. ከ1953 ጀምሮ መጽሔት ያወጡ ነበር። ወጣቶቹ በየትውልድ አካባቢያቸው የሚያውቁትን ሠርግ፣ ለቅሶና የሥራ ልማድ ጻፉ። ይህ ታሪክ ከሚገባው በታች ይነሣል። የውጭ አጥኚ ለዓመታት ደክሞ የሚያገኘውን ቋንቋና መግቢያ እነዚህ ተማሪዎች ከእናታቸው ጓዳ ይዘውት መጥተው ነበር። የጎደላቸው ነገር ቢኖር ርቀት ነው፤ በለመዱት ነገር መገረም ለሰው ቀላል አይደለምና።

በዚያው ዘመን አካባቢ የተሠሩ ሁለት ጥናቶች ለዛሬው ነገራችን ብርሃን ይሰጣሉ። ዶናልድ ሌቪን በመንዝ ኖሮ እ.ኤ.አ. በ1965 ባሳተመው መጽሐፍ የሰምና ወርቅን አነጋገር የአማራ ባህል መክፈቻ ቁልፍ አድርጎ አቀረበው። የትርጓሜውን ክርክር ወደ ጎን ብንተወው እንኳ፣ ለአጥኚ ትልቅ ማስጠንቀቂያ ይዟል፤ አንድ ቃል ሁለት ነገር በሚናገርበት አገር «አዎ» እና «የለም» ብሎ የሚመዘግብ ቅጽ ሰሙን ብቻ ይዞ ይመለሳል። አለን ሆበን ደግሞ በጎጃም ደጋ ዳሞት የርስትን ሥርዓት አጥንቶ እ.ኤ.አ. በ1973 አሳተመ። ገበሬው ሲጠየቅ ርስት ለአቅኚው ተወላጆች ሁሉ በዘር ቆጠራ የሚደርስ መሆኑን ይናገራል። መሬቱ በተግባር ማን እጅ እንዳለ፣ ክርክሩን ማን እንደሚረታ ሲታይ ግን የሰው ጉልበት፣ ተሰሚነትና ወዳጅነት ከዘር ቆጠራው ጋር ተሸምኖ ይገኛል። ገበሬው አልዋሸም። ሕጉን ሲጠይቁት ሕጉን ተናገረ፤ ኑሮውን ለማወቅ ግን ከችሎቱ ሥር መቀመጥ ያስፈልግ ነበር።

ወደ ዋግ ስንመለስ ሌላ እንቅፋት እናገኛለን፤ እርሱም ቋንቋ ነው። የዋግ አገው ሕዝብ ቋንቋ ኽምጣንጋ ነው። ሊቃውንት ይህን ቋንቋ ከጥንት ጀምሮ አጥንተውታል፤ ሌዎ ራይኒሽ እ.ኤ.አ. በ1884፣ ዴቪድ አፕልያርድ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1987 ስለ ቋንቋው የጻፉት በሙያው የታወቀ ነው። የቋንቋው ሰዋስው ሲጠና የኖረውን ያህል ግን በቋንቋው የሚኖረው ኑሮ አልተጠናም። ወደ ዋግ የሚሄደው ጠያቂ ብዙውን ጊዜ በአማርኛ ይጠይቃል፤ ባለቤቱም በአማርኛ ይመልሳል፤ ከዚያ ዞር ብሎ ለልጁ በኽምጣንጋ አንድ ነገር ይናገራል። ለብዙ ጥናቶች ዋናው መረጃ ያ ለልጅ የተነገረው ዐረፍተ ነገር ነበር፤ ማንም አልጻፈውም።

የወሩ ነገርም አለ። ከነሐሴ 16 ጀምሮ በሰቆጣና በአካባቢው ሻደይ ይከበራል። ልጃገረዶች አጊጠው፣ በወገባቸው የሻደይን ቄጤማ አስረው፣ በቡድን በየቤቱና በየአደባባዩ ይጫወታሉ። የፍልሰታ ጾም የተፈታበት ጊዜ ነውና አገሩ ደስ ይለዋል። እንግዳም በብዛት የሚመጣው በእነዚህ ቀናት ነው። ነገር ግን ነሐሴ በደጋው አሮጌው እህል ያለቀበት፣ አዲሱ ያልደረሰበት ወር ነው። ዘፈኑ በአደባባይ ይሰማል፤ የጎታው ባዶነት ግን በጓዳ ነው። በሻደይ ሰሞን መጥቶ የጻፈ ሰው ያየውን በትክክል ሊጽፍ ይችላል፤ ዓመቱን ግን አላየውም።

ማየትና ማመን

ከዚህ በኋላ የምናገረው ለጥናት ስልት ብቻ የሚተው ጉዳይ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1973 በወሎ ረሃብ በገባ ጊዜ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ መምህራን ወደ ስፍራው ሄደው ያዩትን በፎቶግራፍ ይዘው መጥተው በዩኒቨርሲቲው አሳዩ። በወረቀት ሲድበሰበስ የነበረው ነገር በዓይን ታየ። ከዐሥር ዓመት በኋላ፣ ዋግ አሁንም በወሎ ክፍለ ሀገር ሥር አንድ አውራጃ ሳለ፣ ድርቅና ጦርነት ተደርበው ሕዝቡን ፈቱት፤ በ1977 መባቻ ብዙ የዋግ ሰው ወደ ኮረም ሜዳ ወርዶ ነበር። የዓለም ሕዝብ ኮረምን ያየው እ.ኤ.አ. በጥቅምት 1984 በቴሌቪዥን ነው። ከዚያ በፊት የዕርዳታ ማስተባበሪያና ማቋቋሚያ ኮሚሽን በዚያው ዓመት በመጋቢት ለለጋሾች አሳውቆ ነበር፤ የተሰማው ግን ምስሉ ከታየ በኋላ ነው።

እዚህ ላይ ምስሉ ያሳየንና ያላሳየን ነገር መለየት አለበት። ካሜራው ያሳየን መጨረሻውን ነው፤ ሰው ከቤቱ ከወጣ በኋላ ያለውን። ፕሮፌሰር መስፍን ወልደ ማርያም ስለ ገጠሩ ሕዝብ ለረሃብ መጋለጥ ባደረጉት ጥናት ድርቅና ረሃብ አንድ እንዳልሆኑ፣ ገበሬውን ለረሃብ የሚያጋልጠው ቀድሞ የተበላሸ ሥርዓት መሆኑን አጥብቀው ተከራክረዋል። ደሳለኝ ራህመቶ ደግሞ በዚያው የ1977 ረሃብ የወሎን አምባሰል ገበሬዎች አጥንተው፣ ገበሬው እጁን አጣጥፎ ረሃብን እንዳልጠበቀ አሳይተዋል። ማዕዱን ይቀንሳል፣ ይበደራል፣ ከብቱን በተራ ይሸጣል፤ ቀዬውን ጥሎ መሄድ የመጨረሻው ነው። ይህ ማለት ረሃብ በአደባባይ ከመታየቱ ከብዙ ወራት በፊት በዕለታዊ ኑሮ ውስጥ ይታያል ማለት ነው። ገበያ ላይ የምትወልድ ፍየል ለሽያጭ ስትወጣ ይታያል። የእርሻ በሬ ሲሸጥ ይታያል። እንጨትና ከሰል ተሸክሞ የሚወርደው ሰው ሲበዛ ይታያል። ከሁሉ አስቀድሞ ደግሞ በመሶቡ ዙሪያ ይታያል። ገበያው አደባባይ ስለሆነ ማንም ቆጥሮ ሊጽፈው ይችላል። መሶቡ ግን በጓዳ ነው፤ በእኛ አገር ጓዳ ውስጥ ያለ ነገር ስም አለው፤ ገመና ይባላል።

ዘጠኝ ምሽት

አሁን ወደ ዕዳዬ ልምጣ። ከብዙ ዓመታት በፊት፣ ገና ጀማሪ ሳለሁ፣ ለአንድ ጥናት መረጃ ሰብሳቢ ሆኜ በሐምሌ ወር ከሰቆጣ ወጣ ብሎ ወዳለ የደጋ መንደር ሄድሁ። በቦርሳዬ ብዙ ገጽ ያለው መጠይቅ ነበር። ከጥያቄዎቹ አንዱ ቤተሰቡ በቀን ስንት ጊዜ እንደሚመገብ ይጠይቃል። ያደርሁበት ቤት እመቤት፣ በዕድሜ እናቴ የሚሆኑ ሴት፣ «ሦስት ጊዜ፤ ተመስገን» አሉኝ። 3 ብዬ ጻፍሁ። በማግስቱ ለመመለስ ነበር ሐሳቤ። ዝናቡ መንገዱን ቈረጠውና በዚያ ቤት ዘጠኝ ምሽት አደርሁ።

ሥራ አልነበረኝምና በደብተሬ የማየውን መጻፍ ጀመርሁ። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ምሽቶች የጻፍሁት ስለ እንግዳ አቀባበል ነው፤ ጥሩ እንጀራ፣ ትኩስ ሽሮ፣ ጠላም ነበረ። በሦስተኛው ምሽት አንድ ነገር አስተዋልሁ። መሶቡ ሲቀርብ እኔና የቤቱ አባወራ ቀድመን እንቀርባለን፤ ከዚያ ልጆቹ፤ እናትየዋ ቆመው ያስተናግዳሉ። «እርስዎስ?» ስላቸው «እናንተ ብሉ ልጄ፣ እኔ ቀምሻለሁ» ይላሉ። ከዚያ ወዲህ ይህችን ቃል መቁጠር ጀመርሁ። በዘጠኙ ምሽት ሰባት ጊዜ «ቀምሻለሁ» ሲሉ ሰማሁ። እራት ሲበሉ ያየኋቸው ሦስት ጊዜ ነው። ሁለቱ ቀናት ደግሞ ረቡዕና ዓርብ ስለነበሩ ጠዋት አለመብላታቸው ስም ነበረው፤ ጾም ነው። ጾም ለእምነቱ ክብር ነው፤ ለተቸገረ ሰው ደግሞ ማጣትን በክብር የሚሸፍን ነጠላ ሊሆንም ይችላል። በመጠይቁ ላይ ጾመኛውን ከራበው የሚለይ ጥያቄ አልነበረም።

በአምስተኛው ቀን ግን ይበልጥ የከበደኝን ነገር ተረዳሁ። ከመሶቡ የሚጎድለው የእኔ ድርሻ ነበር። የማጠናው ማዕድ እኔ ስለተቀመጥሁበት የተለወጠ ማዕድ ነው። የእኔ መምጣት ያመጣው ጉድለት ስንት እንደሆነ፣ ቀድሞ የነበረው ስንት እንደሆነ መለየት አልቻልሁም። ገንዘብ ልስጥ ብል ስድብ ይሆናል። ስለዚህ የቻልሁትን አደረግሁ፤ ትንሽ ጎርሼ «ጠግቤያለሁ» ማለት ጀመርሁ። የተውሁትን ልጆቹ በሉት፤ እናትየዋ ጋ አልደረሰም። በስድስተኛው ምሽት እርሳቸው «ቀምሻለሁ»፣ እኔ «ጠግቤያለሁ» ተባባልን። ያን ጊዜ አንድ ሰው መጠይቅ ይዞ ገብቶ ዛሬ ስንት ጊዜ በላህ ቢለኝ ኖሮ፣ ባለቤቶቹ እየሰሙ ሦስት ጊዜ፣ ተመስገን እለው ነበር። የእመቤቲቱ መልስ ምን ዓይነት መልስ እንደነበረ የገባኝ እኔው ራሴ ያንኑ መልስ ለመስጠት ስዘጋጅ ነው። በመጠይቅም፣ በሩቅ ቆሞ በማየትም ይህን አላገኘውም ነበር።

መንገዱ ሊከፈት ሲል እናትየዋ እንዲህ አሉኝ፦ «ልጄ፣ ደብተርህን አየዋለሁ። ማንበብ አልችልም፤ መቼ እንደምትጽፍ ግን አውቃለሁ። መሶቡ ሲከደን ትጽፋለህ። እስቲ የጻፍኸውን አንብብልኝ።» አፍሬ ጥቂቱን አነበብሁ። ዝም ብለው ሰሙኝ። ከዚያ አንዱን ስሕተቴን አረሙ። ትልቋ ልጅ ከወንድሞቿ ጋር የማትበላው ሴት ስለሆነች ነው ብዬ ጽፌ ነበር። እርሳቸው ግን ልጅቱ ለአያቷ ውኃ ቀድታ፣ እዚያው እራቷን በልታ እንደምትመጣ ነገሩኝ፤ አንድ አፍ ከመሶቡ እንዲቀንስ እናትና አያት ተመካክረው ያደረጉት ነበር። በፊቴ በኽምጣንጋ ሲነጋገሩ የሰማሁት፣ ያልገባኝም፣ ይኸው ነበር። ያየሁት ትክክል ነው፤ የሰጠሁት ምክንያት ግን ከራሴ ጭንቅላት የመጣ ነው። በመጨረሻ «ይህን ጻፈው፤ የሚጠቅመው ሰው ካለ ይጥቀመው። የማን ቤት እንደሆነ ግን አትጻፍ» አሉኝ።

ሪፖርቱ ሲወጣ በሠንጠረዡ ውስጥ የዚያ ቤት መልስ 3 ተብሎ ገብቷል። የሰበሰብሁት እኔ ነኝ፤ ያስረከብሁትም እኔ ነኝ። ደብተሩን አላቀረብሁም። ቅጹ የደብተር ቦታ አልነበረውም፤ እኔም አንድ የእናት ቃል ከቁጥር ጋር ሊመዘን ይችላል ብዬ ለመናገር ድፍረት አልነበረኝም። እርሳቸው ጻፈው ብለውኝ ነበር፤ እኔ ግን ገመናቸውን ጠበቅሁ ብዬ ራሴን አጽናናሁ። እውነቱን ለመናገር የጠበቅሁት የራሴን ምቾት ነው።

ምን እንማራለን?

ከዚህ ሁሉ ለተማሪዎቼ የምመክረው ጥቂት ነው። አንደኛ፣ ያያችሁትን ከገመታችሁት ለዩ። በደብተራችሁ ገጽ በስተቀኝ ያያችሁትንና የሰማችሁትን ብቻ ጻፉ፤ በስተግራ ምክንያት ነው የምትሉትን። ትልቋ ልጅ ዘግይታ መጣች የሚለው በቀኝ ነው፤ ሴት ስለሆነች ነው የሚለው በግራ። የቀኙ ይቆያል፤ የግራው ይታረማል።

ሁለተኛ፣ ሰዓቱንና ቀኑን ጻፉ። ረቡዕ ከማክሰኞ፣ ነሐሴ ከኅዳር፣ የገበያ ቀን ከሥራ ቀን አንድ አይደለም። በተለያየ ሰዓትና በተለያየ ወቅት ተመላልሶ ያላየ ሰው ስለ «ዕለታዊ ኑሮ» ሊናገር አይችልም፤ ስለ አንድ ዕለት ነው የሚናገረው።

ሦስተኛ፣ ራሳችሁን ጻፉ። የት እንደተቀመጣችሁ፣ ማን እንዳስተዋወቃችሁ፣ በየትኛው ቋንቋ እንደሰማችሁ፣ ምን እንደበላችሁ። እኛ የታሪክ ሰዎች ከሃምሳና ከመቶ ዓመት በኋላ ማስታወሻችሁን ስናነብ በመጀመሪያ የምንፈልገው ይህን ነው፤ የብሩስንና የፒርስን ጽሑፍ የምንመዝነው በዚሁ ሚዛን ነውና።

አራተኛ፣ ያያችሁትን ለታየው ሰው መልሳችሁ አንብቡ። ይህ ጨዋነት ብቻ አይደለም፤ የጥናቱ ማረሚያ ነው። የምናየው ሰው እኛንም እያየን ነው። እኒያ እናት ፊደል ሳይቆጥሩ የእኔን የአጻጻፍ ልማድ ከእኔ ቀድመው አስተውለዋል።

አምስተኛውና ከባዱ የገመና ነገር ነው። ገመናን መክተት በባህላችን ትልቅ ቁም ነገር ነው፤ የሰውን ጓዳ አይቶ በአደባባይ የሚያወራ ሰው እንኳን አጥኚ፣ ጎረቤትም አይሆንም። ነገር ግን ገመና ሁሉ ተከቶ ከቀረ ረሃብ የሚታወቀው ሰው ኮረም ሜዳ ላይ ሲወድቅ ብቻ ነው። በእነዚህ በሁለቱ መካከል መንገድ አለ፤ የነገሩኝም እኒያ እናት ናቸው፦ ነገሩን ጻፈው፣ ቤቱን አትጻፈው። ዛሬ በምርምር ሥነ ምግባር ፈቃድና ምስጢር መጠበቅ እያልን በረጅም ቅጽ የምናስፈርመው ይህንኑ ነው።

በ2007 ዓ.ም. የኢትዮጵያ መንግሥት ከሁለት ዓመት በታች ባሉ ሕፃናት ላይ የሚደርሰውን መቀንጨር እ.ኤ.አ. እስከ 2030 ለማጥፋት ቃል ሲገባ ሰነዱን የሰቆጣ ቃል ኪዳን ብሎ ሰየመው። የከተማዋ ስም በአገር ደረጃ የቃል ኪዳን ስም ሆነ። የሕፃኑን ቁመት በመለኪያ ሰሌዳ ላይ መለካት ራሱ የምልከታ ሥራ ነው፤ አካል «ቀምሻለሁ» ብሎ አይሸፍንም። መለኪያው ግን የሚናገረው የሆነውን ነው፤ እንዴት እንደሆነ የሚናገረው መሶቡ ነው። ማን ቀድሞ ይቀርባል? ማን ቆሞ ያስተናግዳል? ለእንግዳ የሚቆረሰው ከማን ድርሻ ነው? ይህን በሰቆጣ፣ በደሃና፣ በዝቋላ፣ በአበርገሌ ማን ያጥናው ብትሉኝ፣ ኽምጣንጋ አፉን የፈታበት የዚያው አገር ተማሪ ያጥናው እላለሁ። ከሰባ ዓመት በፊት የዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ተማሪዎች ያደረጉትን እርሱ በተሻለ መሣሪያ ሊያደርገው ይችላል። የእኛ የመምህራን ድርሻ ደግሞ የምርምር ቅጾቻችን የደብተር ቦታ እንዲኖራቸው ማድረግ ነው።

ያ ደብተር ዛሬም ከእኔ ጋር ነው። የመንደሩ ስም የለበትም፤ በመጀመሪያው ገጽ ያለውን ስም ከብዙ ጊዜ በፊት ቀድጄ አውጥቼዋለሁ። የተቀረው ግን፣ እንደታዘዝሁት፣ ይኸው ዛሬ ተነግሯል።